ወደ እኔ የምትስበው መኪና

ሰው ትኩስ ዳቦ ሲሸተው ልጅነቱ ትዝ ይለዋል ይባላል። የእኔ ዕጣ ሆኖ የኔን የሚያመጣብኝ የአዲስ ጎማ ሽታ ነው። እዚህ ቶሮንቶ ብርዱ ሲጀምር ሰው ሁሉ የበረዶ ጎማ ለማስቀየር ይሰለፋል፤ እኔም እሰለፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ተራዬን ስጠብቅ ግድግዳው ሥር ከተደረደሩት ጎማዎች የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና፣ ባንኮኒው ጋ ያለው ልጅ ሁለት ጊዜ ስሜን ሲጠራ አልሰማሁትም። ብሰማውስ ምን ልመልስለት? የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንዲት ብርማ መኪና የኋላ ወንበር ላይ በስተቀኝ ተቀምጬ፣ እንዳልከብድ ብዬ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ሚሌኒየማችን ተከብሮ ባለፈ በዓመቱ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው የመጣሁት። እናቴ የሞተችው ገና መሄድ ሳልጀምር ነው፤ አባቴ ደግሞ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ወደ ካናዳ ወጣ። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። አባቴን የማውቀው በስልክና በፎቶ ብቻ ነበር። ስልኩ ይቆራረጣል፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ጥቁር መነጽር ስላደረገ ዓይኑ አይታይም። ኤርፖርት የጠበቀኝ ሰው መነጽርም የለው፣ ፀጉሩም ከፊት ሸሽቷል። «ሰናይት?» አለኝ፣ እንደሚጠይቅ ሆኖ። «አቤት» አልኩት። አቅፎ ሳመኝ። እኔም አክስቴ እንዳስጠናችኝ «እንደምን አሉ?» አልኩት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየሁ፤ ምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ለማላውቀው ትልቅ ሰው «እርስዎ» ማለት ነው የተማርኩት፣ እሱ ደግሞ የማላውቀው ትልቅ ሰው ነበር።

መኪናዋን የገዛት ልመጣ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ነው። ሰባት ዓመት በአውቶቡስ ሲመላለስ የኖረ ሰው፣ ልጄን በሰው መኪና አልቀበልም ብሎ፣ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ገና ያልተላጠ አዲስ መኪና ገዛ። ውስጧ ጎማ ጎማ ይሸት ነበር። ከኋላ በስተቀኝ አስቀመጠኝና «እዚህ ከሆንሽ ዞር ስል አይሻለሁ» አለኝ። አውራ ጎዳናው ላይ እስክንወጣ ሁለት ነገር ጠየቀኝ፤ ደክሞኝ እንደሆነ፣ ምግብ ሰጥተውኝ እንደሆነ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው የኔ ጥፋት ስለመሰለኝ የሚባል ነገር በጭንቀት ስፈልግ፣ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ አየሁት። መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ሄደች።

«ወይ ጉድ» አለ። «ትስባለች እኮ!»

አገር ቤት እያለ ከባድ መኪና ነጂ ነበር። ተሳቢ እየጎተተ መጀመሪያ አሰብ፣ በኋላ ጅቡቲ ሲመላለስ ነው የወጣትነት ዕድሜውን የጨረሰው፤ መሪ በእጁ ውስጥ የሚናገረውን ጠንቅቆ ይሰማል። ደግሞ እጁን አነሳ፤ ደግሞ ወደ ቀኝ ሄደች። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋብን።

«ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዬን ስነዳት ምንም አልነበረባትም» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። ያን ዕለት ነገሩን ልብ አላልኩትም፤ ቆይቶ ነው የቆረጠመኝ።

ቤታችን ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ የሚሠራው ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ፣ የከሰዓቱን ሺፍት ነው። ጠዋት እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እሱ እንቅልፍ ላይ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱ ወጥቷል። ቁልፉን በክር አስሮ አንገቴ ላይ አንጠልጥሎልኛል። ፍሪጅ ውስጥ ክዳን ያለው ሳህን አለ፤ ክዳኑ ላይ በእርሳስ «ምስር» ወይም «ሩዝ» ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል፣ ሳልከፍተው የማላውቀው ይመስል። የሥራ እረፍቱ ሲደርስ ይደውላል።

«በላሽ?»

«አዎ።»

«በሩን ቆለፍሽ?»

«አዎ።»

«ጎሽ።»

በቃ። የሳምንቱ ወሬያችን ይህ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ቤቱ የባሰ ጭር ይላል። አውሮፕላኖቹ መስኮታችንን ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም ነበር፤ ጎማቸውን አውጥተው ሲያልፉ ጎማዎቹን እቆጥራለሁ። አክስቴ ከነሱ በአንዱ ትመጣ ይሆናል ብዬ መጠበቁን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ተውኩት። ትምህርት ቤትም ቢሆን ያው ነው። ስሜ ሲጠራ፣ አለሁ ለማለት፣ በእንግሊዝኛ «ሂር» እላለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከአፌ የሚወጣው ቃል እሱ ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር። ብቸኝነት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበርና አመመኝ እያልኩ ነው ሆዴን የምይዘው።

ሲመሽ እትዬ ብርቄ ከሥራ ትገባለች። እትዬ ብርቄ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ልጆቿ አግብተው የወጡላት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። መጥታ ትወስደኝና ሶፋዋ ላይ ብርድ ልብስ አልብሳ ታስተኛኛለች። ጠዋት ስነቃ ግን ሰባተኛ ፎቅ፣ አልጋዬ ላይ ነኝ። እንዴት እንደምደርስ ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ብዙ ነገር በራሱ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አባቴ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳየኝ። አስቀድሞ የገዛልኝ ጃኬት እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ። የሰባት ዓመት ልጅ ልብስ ነበር፤ ሲገዛ ያሰበው ድሮ በተላከለት ፎቶዬ ላይ ያለችውን ልጅ ነው። ይዞኝ ወደ ሱቁ ሄደ። አዲስ አበባ እያንዳንዱ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ አይቼ ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ ጠብ ይነሳል ብዬ ከኋላው ተሸሸግሁ። ሻጭዋ ግን ፈገግ ብላ ጃኬቱን ተቀበለችው። ለምን እንኳ አላለችም።

«እዚህ አገር ያልተስማማሽን ነገር ትመልሻለሽ» አለኝ ስንወጣ፣ በኩራት። «ሠላሳ ቀን ይሰጡሻል። ዋናው ደረሰኙን አለመጣል ነው።»

ደረሰኞቹን የሚያስቀምጠው ኪችን መሳቢያ ውስጥ ባለ ሰማያዊ ማኅደር ነው። እዚያው ማኅደር ውስጥ የመኪናዋ የዋስትና ደብተር አለ። እዚያው ውስጥ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ የኔ ፓስፖርትና የገባሁበት ወረቀት አለ። አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ ሳየው ሦስቱን አንድ ላይ አገኘኋቸው።

ቅዳሜ ዕለት መኪናዋን ወደ ሸጡለት ሰዎች ወሰዳት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ክራቫት ያደረገ ወጣት ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሮባት መጣ። ከዚያ ማሽን ላይ አወጧትና አንድ ወረቀት ሰጡት፤ ቁጥሮቹ በሙሉ አረንጓዴ ነበሩ። «ኤቭሪቲንግ ኢዝ ኖርማል» አለው ወጣቱ። አባቴ ወረቀቱን ግራ ቀኝ አገላብጦ አየና በአማርኛ ለእኔ «ወረቀቱስ ደህና ነው። የምትስበው መኪናዋ ናት» አለኝ። ሳቅሁ። እሱም የምስቅ መሆኔን በማየቱ የተገረመ ይመስላል።

ማታውኑ አባቴና እትዬ ብርቄ የእሷ በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«አዲስ መኪና ደግሞ ይስባል እንዴ ታደሰ? ዓይን ነው! ሰው አይቶብህ ነው። ጸበል ርጭባት።»

«ኧረ ተዪኝ እትዬ ብርቄ። ጸበል ጎማ አያስተካክልም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የጀመራት?»

«ልጅቷን ከኤርፖርት ይዤ ስመለስ ነዋ። ብቻዬን ስነዳት ደህና ነበረች።»

«እንግዲያው ሠላሳ ቀን ሳይሞላህ መልስ። እዚህ አገር የማይመለስ ነገር የለም።»

የሚያወሩት ስለ መኪናዋ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሞኝ አልነበርኩም። ግን ሶፋው ላይ ተጋድሜ በራሴ መንገድ አሰብኩት። አባቴ ብቻውን ሲሆን መኪናዋ ደህና ነበረች። የተጨመረው ምንድነው? እኔ። አንድ ነገር ደህና ሆኖ ሳለ ሌላ ነገር ሲጨመርበት ከተበላሸ፣ የሚመለሰው የቱ ነው? ጃኬቱን የመለሰው እጄ ስለማይገባበት ነው እንጂ እጄን አልመለሰም። እኔና መኪናዋ ግን ማን ጃኬት፣ ማን እጅ እንደሆንን አላውቅም ነበር። በጣቴ ቆጠርኩ። ከመጣሁ ስድስት ቀኔ ነው። ሃያ አራት ቀን ካለፈልኝ ማንም ሊመልሰኝ አይችልም።

እሑድ አባቴ ሥራ አይገባም። በዚያች የመጀመሪያ እሑድ ጠዋት ከእንቅልፌ ቀስቅሶኝ «ነይ፣ ራሳችን እናገኘዋለን» አለኝ። ከቤታችን አሥር ደቂቃ ርቆ መጋዘኖች የሞሉበት ሰፈር አለ፤ እሑድ ሰው ዝር አይልበትም። ከአንዱ መጋዘን ጀርባ ሰፊ የአስፋልት ሜዳ ነበር፣ ነጭ የማቆሚያ መስመሮች የተሰመሩበት። በዚያ ዓመት ከዋልኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ደስ ያለኝ እዚያ ነው። ይህን ለሰው ስናገር ያዝንልኛል።

«በሽታ ሲፈለግ ከቀላሉ ነው የሚጀመረው» አለኝ። መለኪያ ሰጥቶኝ የአራቱን ጎማ ንፋስ ለካሁ፤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ስናገር እሱ ይደግመዋል። አራቱም እኩል ነበሩ። «ንፋስ አይደለም» አለ። ከዚያ ሜዳውን ደጋግመን ዞርንና አቆመ። «አንዱ ፍሬን ይዞ ከሆነ ያኛው ቸርኬ፣ ጎማው የታሰረበት ብረት፣ ይሞቃል። በይ ንኪና ንገሪኝ። የኔ እጅ ሞቷል፣ ያንቺ ነው የሚያውቀው።» ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው እየሮጥኩ መዳፌን አስጠጋሁ። አራቱም ለብ ያሉ ነበሩ። «እኩል ናቸው» አልኩት። «እርግጠኛ ነሽ?» «አዎ።» «እንግዲያው ፍሬንም አይደለም።» ምንም ሳይጠራጠር አመነኝ። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ሰው የኔን ቃል ሲፈልግ የመጀመሪያው ነበር።

በሁለተኛው እሑድ መንገዱን ጠረጠርን። መንገድ ሁሉ ዝናብ እንዲወርድለት ወደ ዳር ያዘነበለ ነው አለኝ፤ «እንደኔ ራስ፣ መሐሉ ከፍ ያለ» አለና ራሱን ዳሰሰ። ስለዚህ ሜዳው ልክ መሆኑን ለማየት ግማሽ ውሃ ያለበት ጠርሙስ አስፋልቱ ላይ አጋደምን። በረሃ ውስጥ እንዲህ ነው የምናደርገው አለኝ። በሆዴ ተኝቼ ውሃው ወዴት እንደሚያዘነብል አየሁ። ደልዳላ ቦታ ስናገኝ አንድ ጊዜ ወደዚያ፣ አንድ ጊዜ ወደዚህ ነዳት። ሁለቱንም ጊዜ እጁን ሲያነሳ ወደ ቀኝ ሄደች፤ እኔም በመስኮት ስንት ነጭ መስመር እንዳቋረጠች እየቆጠርኩ ነገርኩት። «መንገድም አይደለም» አለ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ደግሞ አንድ ነገር አይደለም ባለ ቁጥር የቀሩትን በጣቴ እቆጥር ጀመር። ተጠርጣሪዎቹ እየቀነሱ ነበርና።

ሦስተኛው እሑድ ላይ ከኋላ የዕቃ መጫኛውን ከፈተ። ዳንፎርዝ መንገድ ካሉት የሐበሻ ሱቆች የገዛው የጤፍ ዱቄት ጆንያ በስተቀኝ ተቀምጦ ነበር።

«እንዴት ይህን ረሳሁ!» አለ ግንባሩን እየመታ። «ጭነት ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ተሳቢም ይስባል። አንዴ ሚሌ ላይ በዚህ ምክንያት ገደል ልገባ ነበር።»

ጆንያውን አውርዶ አስፋልቱ ላይ አስቀመጠው። ክሪኩንም፣ የመሣሪያ ሳጥኑንም፣ አንድ አሮጌ ጫማም አወረደ። እንደገና ገባንና ነዳት፤ እጁን አነሳ። መኪናዋ ወደ ቀኝ ሄደች።

«ጭነትም አይደለም» አለ። በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲህ ምን ቀረ?»

በስተቀኝ የቀረሁት ጭነት እኔ ነበርኩ። ዞር ብሎ እንዳያየኝ ጸለይኩ። ዞር አላለም፤ መሪውን በጣቱ እየመታ ሜዳውን ብቻ ያይ ነበር። እንዳወቀ፣ ግን ሊነግረኝ እንዳልፈለገ ቆጠርኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ሳስታውሰው አሁንም ያች ልጅ ታሳዝነኛለች። ክዳን ያለውን ሳህን ከፍቼ ግማሹን ቆሻሻ ውስጥ እደፋለሁ። «በላሽ?» ሲለኝ «አዎ» እላለሁ። ቅዳሜ ዕለት እትዬ ብርቄ ገበያ ድረስ በመኪናዋ ሸኙኝ ብላን ስንሄድ፣ ኪሴ ውስጥ ያሉትን ሳንቲሞች አውጥቼ ቤት ተውኩ፤ ወንበሩ ላይም ሰውነቴን ወደ ግራ አዘንብዬ አንገቴን ሰብሬ ተቀመጥኩ። አባቴ በመስታወቱ አየኝ።

«አንገትሽን አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው እንደዚያ የምትቀመጪ?»

«ምንም።»

እትዬ ብርቄ ዞር ብላ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። «ይች ልጅ ከሳችብህ ታደሰ። አገሩ አልተስማማትም» አለችው። አልተስማማትም! ከሱቁ ስንወጣ ስለ ጃኬቱ የተባለው ይኸው ነበር። መውረጃችን እስኪደርስ እንዳልከብድ ትንፋሼን ያዝኩ።

አራተኛው እሑድ ከመጣሁ ሃያ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። ሌሊቱን ሳስብበት አድሬ መላ አግኝቻለሁ፤ በግራ በኩል እቀመጣለሁ። የምከብዳት እኔ ከሆንኩ፣ ወደ ቀኝ መሳቡ ይቆማል፤ እሱም ዳነች ብሎ ይተወዋል፤ ሁለቱ ቀን ያልፋል። አባቴ ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ ወጥቷል፤ ስወርድ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ጥቁር የሆኑ እጆቹን በጨርቅ ሲጠርግ አገኘሁት። የቀኙን በር ትቼ ዞሬ ከእሱ ጀርባ፣ በግራ ገባሁ።

«ዛሬ ቦታ ቀየርሽ?»

«ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ትገባለች» አልኩት። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ደመና ነበር። ቀና ብሎ አየና ጨርቁን ጥሎ መሪው ጋ ገባ።

ሜዳው ላይ ደረስን። ፍጥነት ያዘ፤ እጆቹን ከመሪው ላይ አነሳ። እኔ ሁለት እጄን ጭኔ ሥር ደብቄ ቀጥ በይ፣ ቀጥ በይ እላለሁ። መኪናዋ ትንሽ ቀጥ ብላ ሄደችና ቀስ እያለች፣ ቀስ እያለች ወደ ግራ ታጠፈች። አንድ ነጭ መስመር በሥሬ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ።

«አገኘኋት!» ብሎ ጮኸ አባቴ። መሪውን በጥፊ መታው፤ እየሳቀ ነበር፤ ጥርሱን እስከ መጨረሻው ሳየው ያ የመጀመሪያው ነው። «አገኘኋት! አገኘኋት!»

ተከትላኝ መጣች። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ያፈንኩት ሁሉ አንድ ላይ ወጣና ሰው እንደሞተብኝ ጮኼ አለቀስኩ። አባቴ ፍሬን ያዘና ዘወር አለ።

«ምን ሆንሽ? ምን ነካሽ? የት ጋ ነው ያመመሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነሽ?»

«የምስባት እኔ ነኝ። እዚያ ስቀመጥ ወደዚያ፣ እዚህ ስቀመጥ ወደዚህ። እርስዎ ብቻዎን ሲነዷት ደህና ነበረች፤ ሰምቻለሁ። ሁለተኛ መኪና ውስጥ አልገባም፤ በእግሬ እሄዳለሁ። ብርዱም አይበርደኝም። ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረው፣ እባክዎን እስኪያልፍ ይጠብቁ።»

«ምን ሁለት ቀን?»

«ሠላሳው ሊሞላ።»

ቀስ እያለ ሲገባው ከፊቱ ላይ አየሁት፤ ሳቁ ከላይ ወደ ታች እየጠፋ ሄደ። አባቴ ብዙ ነገር ይችላል፣ ከሰው ጋር ማውራት ግን አያውቅበትም። ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ።

«ጎማ ነው ልጄ!» አለኝ። «ዛሬ ጠዋት የፊተኛውን የቀኝ ጎማ ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛውሬ አሠርኩት። መሳቡ ጎማውን ተከትሎ ከዞረ ችግሩ ጎማው ነው ማለት ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ተንሻፎ ነው። ያኔም ብቻዬን ደህና የመሰለችኝ ሰፈር ለሰፈር ቀስ ብዬ ስነዳት ስለነበር ነው።»

አልሰማሁትም። ማልቀሴን ቀጠልኩ።

«በቃ ውረጂ» አለ። ወረድኩ። «እዚህ ቁሚና እዪ። አንቺ የለሽበትም አይደል? እስቲ ወዴት እንደምትሄድ ተመልከቺ።» በሩን ዘግቶ ነዳት።

አሁን ሲታየኝ ደግ ሰው ነበር፤ ማሳየት ነው የፈለገው። እኔ ግን መኪናዋ ወደ ግራ ትሂድ ወደ ቀኝ አላየሁም። ያየሁት ብርማ ጀርባዋ እየራቀ፣ እያነሰ ሲሄድ ብቻ ነው። ሜዳው ላይ ከእኔ በቀር ማንም የለም። አክስቴ ኤርፖርት ላይ ሸኝታኝ ስትዞር እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም። በምወደው ቦታ ላይ ተተውኩ ብዬ ነው ያመንኩት። ሮጥኩ። አንዱ ጫማዬ ወለቀ፣ ትቼው ሮጥኩ።

በመስታወቱ አይቶኝ ኖሯል። መኪናዋ ድንገት ቆመች፤ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወደ እኔ ሮጠ።

«ቁሚ አላልኩሽም? ለምን ትሮጫለሽ?»

«ትተኸኝ የሄድክ መሰለኝ።»

አስፋልቱ ላይ በጉልበቱ ተንበረከከ። ጫማ የሌለውን እግሬን ይዞ ከካልሲዬ ላይ ጠጠር ያራግፍ ጀመር፤ ጠጠሩ አልቆም ያራግፍ ነበር። ቀና ሳይል ነው የተናገረው።

«በየማታው ከብርቄ ቤት ተሸክሜሽ የምወጣው እኔ ነኝ። ሊፍቱ ሲበላሽ በደረጃ ነው የማወጣሽ። ክብደትሽን የማላውቀው ይመስልሻል? አንቺ እንኳን መኪና፣ ብስክሌትም አትስቢ።» ካልሲዬን ጎትቶ አስተካከለ። «አንቺን ለማምጣት ስድስት ዓመት ፎርም ስሞላ ነው የኖርኩት። ስድስት ዓመት፣ ሰናይት። ማነው የሚመልስሽ?»

እኔ የያዝኩት ግን ስለ ፎርሙ ያለውን አልነበረም። ተሸክሜሽ ያለውን ነው። ያን ሁሉ ቀን ብቻዬን ነኝ ብዬ ሳስብ፣ በየሌሊቱ አንድ ሰው ደረቱ ላይ አስተኝቶኝ ሦስት ፎቅ ይወጣ ነበር፣ እኔም አንድ ጊዜ እንኳ ነቅቼ አላየሁትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማክሰኞ ዕለት መኪናዋን የሸጡለት ሰዎች ያለ ምንም ክርክር ጎማውን በአዲስ ቀየሩለት። ለማሳየት ከትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀኝ፤ ለዚህ ብሎ ሥራ ላይ ዘግይቶ ለመግባት አስፈቅዷል። አዲሱ ጎማ ላይ እንደ ጢም የበቀሉ ትንንሽ የላስቲክ ፀጉሮች ነበሩ። አንዱን ነጭቼ አሸተትኩት። አውራ ጎዳናው ላይ ወጥተን እጁን ሲያነሳ መኪናዋ እንደተሰመረ መስመር ቀጥ ብላ ሄደች። «ዳነች» አለ አባቴ። «ዳነች» አልኩ እኔም። ማታ ብቻዬን ሆኜ ሳህኑን ሙሉውን በላሁ። ከዚያ ነው አንድ ነገር የታየኝ። መኪናዋ ከዳነች እሑድ ምን እናደርጋለን?

በቀጣዩ እሑድ ማንም አልቀሰቀሰኝም። በራሴ ተነስቼ ለበስኩ፤ አዲሱን ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ፣ ጫማዬን አሠርኩ፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ቅዳሜን ትርፍ ሰዓት ሠርቶ ስለነበር ሲያንኮራፋ ይሰማኛል። አውሮፕላን አለፈ፤ ሌላም አለፈ። ጃኬቱ ውስጥ አላበኝ፤ ግን አላወለቅኩትም። እንድንሄድ ልጠይቀው አስቤ ነበር፣ ያልተበላሸ መኪና የት ውሰደኝ ይባላል?

ረፋዱ ላይ በካልሲ ወጣ፤ ዓይኑን እያሸ። አየኝ። ጃኬቱን አየ፣ ጫማውን አየ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም።»

ውሃ ቀዳና ቆሞ ጠጣ። ብርጭቆውን ጨርሶም ቶሎ አላስቀመጠውም። ሄዶ ይተኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሳምንቱን ሙሉ የሠራ ሰው ነው፣ ቢተኛም አልፈርድበትም ነበር።

«ጎማ ከተቀየረ በኋላ መኪና ይፈተሻል» አለ በመጨረሻ፣ ቁልፉን ከመስቀያው ላይ እያወረደ። «አንዴ ታይቶም አይተውም። መከታተል ያስፈልጋል።»

ያን ዓመት በየእሑዱ ፈተሽናት። አንድም ቀን አልሳበችም።